ልጓሟ የወለቀ ቀይ መኪና

ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንጅባራ፣ በጊዮርጊስ በዓል የፈረስ ግልቢያ ሜዳ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አንዲት ቀይ መኪና አንድ ዳማ ፈረስ ገጨች። ፈረሱ ሞተ። ጋላቢው የቀኝ ጭኑ ተሰበረ። ሾፌሩ አልተጎዳም። ጋላቢውና ሾፌሩ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነበሩ።

ዘመኑ የሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ዳንግላ ተቀምጬ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ከአገው ምድር ዜና እልክ ነበር። ከላይ ያለውን በማግስቱ በስልክ አነበብሁላቸው። አዘጋጁ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ሰው ሞቷል?» አለኝ። አልሞተም አልሁት። «እንግዲያው ፈረስ ነው» ብሎ ዘጋው። በሙያው ደንብ ትክክል ነበር። ዜናው አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ብዙ የሰው ሞት ዘግቤአለሁ። ከብዙዎቹ ይልቅ ይህ ያልወጣ ዜና አብሮኝ ኖሯል። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትንም ከማን እንደ ሰማሁ እየለየሁ እጽፈዋለሁ።

ሾፌሩን ያወቅሁት በጭነት መኪናው ነው። የዳንግላን ኑግና እህል ወደ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ጨውና ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። መኪናው የራሱ አልነበረም፤ የአንድ ነጋዴ ነው። እሱ በእንጅባራ አጠገብ ግምጃ ቤት ከሚባለው ቀበሌ የገበሬ ልጅ ነው፤ በአገውኛ ያደገ፣ አማርኛን በመንገድ ላይ ከሾፌሮች የተማረ። ስለዚህ አማርኛው የሾፌር አማርኛ ነበር፤ ቀልድና ስድብ ይበዛበታል፣ ማባበያ የለውም። ቤቱ ያኔ ብዙው ሰው ኮሶ በር ይላት በነበረችው በእንጅባራ ዳር፣ ከባሕር ዛፎች ሥር ነበር። ታናሽ ወንድሙ አጠገቡ ጎጆ ሠርቶ የአባታቸውን መሬት ያርሳል።

ቀይዋ መኪና ወደ እሱ የመጣችው እንዲህ ነው። መንገድ ሊያጠና የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ለእሑድ መዝናኛው ከአገሩ አስመጥቷት ነበር። የእኛን ጠጠርና የእኛን ክረምት አላወቀም። አንድ ክረምት ሆዷ ከጭቃ ላይ እየተቀመጠ በበሬ ስትጎተት ከረመች። መሐንዲሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሚያጓጉዝለት ለዚህ ሾፌር ሸጣት። ሾፌሩም ያለውን ጥሪት ሰጥቶ ገዛት፤ ሚስቱ ይህን የሰማችው መኪናይቱ ደጅ ከቆመች በኋላ ነው።

ጣሪያዋ ሸራ ነበር። ኮፋኖዋ ረጅም፣ ወንበሯ መሬት ሊነካ የደረሰ፤ አጠገቧ የቆመ ሰው የሚያየው የተቀማጩን አናት ነው። የመጀመሪያ ቀን ዳንግላ ገበያ ይዟት ሲመጣ የጋሪ ነጂዎች ከበቧት። አንዱ ከኋላ ዞሮ የዕቃ መጫኛ ቦታ ፈለገ፤ አላገኘም።

«ይህች ምን ትጭናለች?»

«እኔን» አለ ሾፌሩ።

«አንተንማ በቅሎም ትጭንሃለች፤ ለዚያውም ገለባ ብቻ በልታ።»

አንድ ቀን ከዳንግላ በታች ቤንዚን አለቀባትና የጋሪ ፈረስ ጎትቶ አስገባት። እኔ ከፖስታ ቤቱ በር ላይ ሆኜ አየሁ። ነጂው ጅራፉን ከፍ አድርጎ ይዞ ለመንገደኛው ሁሉ «ልጄን ልድራት ነው፣ ሙሽራይቱ መራመድ አትችልም» እያለ በከተማው መካከል አሳለፋት። ሾፌሩ መሪውን እንደ ያዘ፣ ፊቱን ሳያጠቁር፣ «ሙሽራማ ናት፤ አንተ ግን ሚዜ አትሆንም፣ ትሸታለህ» ብሎ መለሰለት። ጋሪ ነጂው እስኪንፈራፈር ሳቀ። ያንን ሳቅ እንዳስታውስ የሚያደርገኝ በኋላ የሆነው ነገር ነው።

ለምን እንደ ወደዳት ብዙ ተባለ። ከፊሉ ኩራት ነው አለ። ከፊሉ ፈረንጁ በውስጧ አንድ ነገር ትቶባታል አለ። ሚስቱ የምትለው ሌላ ነው። «ፈረሱ ነው» አለችኝ። በወጣትነቱ ከወንድሙ ጋር ከፈረሰኞቹ ወገን ነበር፤ በየዓመቱ ለጊዮርጊስ ሜዳ ላይ ይወጣል። ፈረሱን በሽታ በአንድ ቀን ወሰደበት። በአካባቢው ልማድ ፈረስ የሞተበት ሰው እስከ ዓመቱ ሌላ ይገዛል። እሱ አልገዛም፤ ሜዳው ላይም አልወጣም። የሞተውን ፈረስ ግላስ፣ ያንን በቀለም ክር የተጠለፈ የኮርቻ ልብስ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ኖረ። መኪናይቱ ስትመጣ አውጥቶ በወንበሯ ላይ አነጠፈው።

እሱን ራሱን ጠይቄዋለሁ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ አብሬው እየሄድሁ ነበር፤ ሸራው ተገፎ ነፋሱ ዓይን ያስለቅሳል።

«አንተ ጋዜጣ» አለኝ፤ ሁልጊዜ የሚጠራኝ እንዲህ ብሎ ነው። «የጭነቱን መኪና የምነዳው በዓይኔ ነው። ባሊስትራው ድንጋዩን ይውጣል፤ ለእኔ አይነግረኝም። ከላይ ተቀምጬ እንደ ዳኛ ነው የማየው። ይህች ግን አትደብቅም። ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ ውሃ የበላውን፣ ሁሉንም በመቀመጫዬ ታወራኛለች። ፈረስም እንዲሁ ነበር።»

«ስለ ፍጥነቷ ያልህ መስሎኝ።»

«ምን ፍጥነት አላት? ትናንት አውቶቡስ ቀደመኝ።»

እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ያን ያህል አትፈጥንም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ምክንያት አንዲት መኪና የያዘቻቸው ሾፌሮች አጋጥመውኛል። አንዱ መኪናውን ሸጦ በየማለዳው ገዢው ደጅ ሄዶ ሲያያት አውቃለሁ። ሲጠየቁ ሁሉም ስለ ሞተሩ ጉልበት ያወራሉ። አላምናቸውም። ሰው ከብረት ጋር እንዲህ የሚጣበቀው ብረቱ ለእሱ ብቻ መልስ የሰጠ ሲመስለው ነው፤ ይህን ያሰብሁት ግን ከዚህ ሾፌር በኋላ ነው።

አያያዙም የፈረሰኛ ነበር። ከረጅም መንገድ ሲገባ ሞተሯን ወዲያው አያጠፋም፤ በቀስታ ደጁን ያዞራታል። «ላቧ ይድረቅ» ይላል። የእንጅባራ ውርጭ ሲበረታ ሌሊቱን ውሃዋን አፍስሶ ኮፋኖዋን በአሮጌ ጋቢ ይሸፍናል። ከሰው ጋር በሁለቱም ቋንቋ ያወራል፤ ከእሷ ጋር ግን በአገውኛ ብቻ።

የዓይኑ መድከም የተገለጠው በጭነት መኪናው ነው። መጀመሪያ የድልድይ ግንብ ጠረገ። ከዚያ ዳንግላ መግቢያ ላይ የቆመ ጋሪ መንኮራኩር ነካ። ጋሪው በግራ በኩል በግልጽ ቆሞ ነበር። ባለመኪናው ነጋዴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲመረመር አደረገ። ሐኪሙ ያለውን ሾፌሩ ራሱ እንዲህ ነገረኝ፦ ዓይኑ ከዳር ወደ መካከል እየጨለመ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ይጠፋል። መንጃ ፈቃዱ አልታደሰም። ነጋዴው መኪናውን ለሌላ ሰጠ።

«በመቃ ውስጥ እንደ ማየት ነው» አለኝ። «ፊት ለፊት ያለውን ካንተ እኩል አያለሁ። ያንን ኮረብታ አያለሁ፤ ላዩ ላይ ያለችውን ላምም አያለሁ። አንተን ግን አላይህም።» አጠገቡ ነበር የተቀመጥሁት።

«እንግዲያ መኪናይቱንም መተው አለብህ» አልሁት።

«ከተማ ውስጥ ተውሁ። ፖሊሱም መክሮኛል።»

«ከከተማ ውጭስ?»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለ። «ጨርሶ ሳይጨልም፣ አንድ ጊዜ፣ በጊዮርጊስ ሜዳ ላይ ላስሮጣት። ከዚያ ወዲያ ደጅ ትቁም።»

እንደማይሆን ነገርሁት። ሚስቱም ነግራው ነበር፤ ነጋዴውም። የሚፈልገውን ሁሉም ያውቃል፤ አይቶ የሚሄድበት ጊዜ እያጠረ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ከሐኪም ቤት በተመለሰበት ዓመት ከኅዳር እስከ ጥር የዚያ ቤት ወሬ ሌላ አልነበረም።

ጉዳዩ ወደ ፈረሰኞቹ ሽማግሌዎች ሄደ። እዚህ ላይ የሜዳውን ልማድ መንገር አለብኝ። በዓሉ ሊያበቃ ሲል የመጨረሻው ግልቢያ የሽማግሌዎች ነው። እጁ የዛለ፣ ዓይኑ የደከመ፣ በሰው ታግዞ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ይሮጣል። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሁለት ጎበዞች ከግራና ከቀኝ ተጠግተው፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካካ ሲደርስ፣ እኩል እየጋለቡ ያጅቡታል። ሽማግሌው ባያይም ፈረሱ ያያል፤ በሁለቱ መካከል መስመሩን ይዞ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ጨርሶ የታወረ ሰው ሲጋልብ አይቻለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር እዚያ አገር አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ከዳር ተቀምጬ ነበር። በአገውኛ የተባለውን አጠገቤ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ይተረጉምልኛል። አንዱ፣

«ገለባ የማይበላ ነገር ሜዳችን ላይ ምን ይሠራል?» አሉ።

«አንተስ ገለባ ትበላለህ? ይኸው ዕድሜህን ሙሉ እዚያ ትውላለህ» አሏቸው እኩያቸው።

ተሳቀ። ከዚያ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ተናገሩ። ልጁ የእኛ ነው፤ አባቱም የእኛ ነበር፤ ዓይኑ እየሄደ ነው። ዓይኑ ለሚሄድ ሰው ምን እናደርጋለን? አጀብ እንሰጣለን። ለእሱም ይሰጠው። መስመሩን ይዞ ሄዶ በሜዳው መጨረሻ ካለው ረግረግ በፊት ይቁም።

ያለ አጀብ ቢሆን ኖሮ አይፈቅዱም ነበር፤ አጀቡን አክለው ፈቀዱ። ለታወረ ፈረሰኛ ሲያደርጉት የኖሩትን ነው ያደረጉት። ከሥሩ ያለው ነገር እንደ ፈረስ የሚያይ መሆን አለመሆኑን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ መኪናይቱ ሜዳ ላይ እንዳትወጣ ተናግሬአለሁ፤ ስለ አጀቡ ግን እኔም አላሰብሁም።

የታያቸው ችግር ሌላ ነበር። ፈረሶቹ ድምጿን ይፈሩታል። ድምጿን የሚያፍነው ማርሚታዋ የተቀደደ ስለነበር ስትነሣ ታጓራለች፤ ገና ከሩቅ ሲሰሟት ልጓም አይመልሳቸውም። ማን አጠገቧ ይጋልባል?

«የእኔ ዳማ ይለምዳል» አለ ታናሹ።

እውነትም አለመደው። ከገና በፊት ጀምሮ በየቀኑ ዳማውን ከባሕር ዛፉ ሥር ከመኪናይቱ አጠገብ ያስረዋል፤ ሾፌሩ ሞተሯን ያስነሣል። መጀመሪያ ፈረሱ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። በሌላው ቀን ቆሞ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወንድሙ አንድ ዘዴ አገኘ፤ ገብሱን በእንቅብ መስጠቱን ትቶ ሞተሩ እየሠራ በኮፋኖው ላይ ይበትንለት ጀመር። በታኅሣሥ መጨረሻ ቤታቸው ስደርስ ዳማው በሚንቀጠቀጠው ቀይ ብረት ላይ አፉን አሳርፎ በጸጥታ ገብሱን ይለቅም ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«ቀለሟን ጨረሰብኝ፤ ምላሱ ሞረድ ነው» አለ ታላቁ።

«ጋሼ፣ አሁንማ ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሚወድ። ሌሊት ተነሥቶ እንዳይነዳት ቁልፉን ደብቅ።»

«ይንዳት። እሱ ጎኑንም ያያል።»

ታናሹ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ሾፌሩ ግን ሳቀ።

የበዓሉ ዕለት ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሰው ነበር። ፈረሶቹ በግላስና በዘርፍ አጊጠዋል፤ ጎበዞቹ ከጠዋት ጀምሮ በዘንግ ሲፋለሙ ውለዋል። ታቦቱ ከገባ በኋላ የሽማግሌዎቹ ግልቢያ ተጀመረ፤ ሁሉም በሰላም ደረሱ። መኪናይቱ የመጨረሻዋ ነበረች።

እኔ የቆምሁት ወደ ሜዳው መጨረሻ፣ ከረግረጉ አጠገብ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ አየሁት።

በቀኝ በኩል እንዲያጅብ የተሰጠው ጎበዝ ፈረሱን ሊገታው አልቻለም። መኪናይቱ ስታጓራ ፈረሱ ወደ ሕዝቡ ሸሽቶ ቀረ። በሜዳው ዳር የነበሩት ፈረሶች ሁሉ እንዲሁ ርቀው ተሰበሰቡ። ከመኪናይቱ ጋር የተነሣው ዳማው ብቻ ነው፤ በግራ በኩል፣ ጆሮውን ሳያቆም፣ ከፊት ጎማዋ እኩል። ሸራው ወርዷል፤ ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደ ፊት ብቻ ነው። ሕዝቡ እልል አለ። መስመሩን እንደ ክር ይዞ መጣ። እንደ እሱ ቀጥ ብሎ የሄደ በዚያ ቀን አላየሁም።

ከረግረጉ በፊት መቆም ነበረበት። አልቆመም። ረግረጉ ሲቀርብ መሪውን ወደ ግራ አዞረ። ፈረሰኞች ሁሉ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት፤ ፈረሱ ራሱ ያዞራቸዋል። ሌላ ማንኛውም ፈረስ ቢሆን ድምጹን ሸሽቶ ቀድሞ ርቆ ነበር። ዳማው አልሸሸም። ኮፋኖዋ ወደ እሱ ሲመጣ አንገቱን ዝቅ አደረገ። የፊት እግሮቹን መታችው፤ በላይዋ ተንከባልሎ ወደቀ፤ ጋላቢው ከሥሩ ሆነ።

መኪናይቱ ጥቂት ሄዳ ቆመች። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ምን መታሁ?» አለ።

እጁን ዘርግቶ በቀኝ በኩል፣ ማንም በሌለበት፣ መሬቱን እየዳሰሰ ሄደ።

«ጋሼ» አለው ወንድሙ ከመሬት ላይ ሆኖ። «በዚህ ነኝ። በግራህ።»

ፈረሱን አንድ ሽማግሌ በጠመንጃ ገላገሉት። ታናሹን በቃሬዛ አድርገን ወደ ቤቱ ወሰድነው። በኋላ ሾፌሩን ለምን እንዳልቆመ ስጠይቀው፣ «መቆሙን እጄ ረሳው። ፈረሴ እዚያ ጋ ወደ ግራ ነበር የሚዞር» አለኝ።

ወጌሻው የታናሹን ጭን አሰረ፤ አጥንቱ ግን አጥሮ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ በዱላ ነው የሚሄድ። ፈረስ ላይ አልወጣም። በወንድሙ ላይ ክስም ካሳም አልጠየቀም። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩን ዝም ብለው ሊያልፉት አልቻሉም፤ የሰው አጥንት ተሰብሯል።

በየካቲት ተቀመጡ። በእነሱ ዘንድ ጌታውን ወይም ወዳጅ ጋላቢን የሰበረ ፈረስ አይገደልም፤ አይሸጥምም። ልጓሙ ይወልቅና የተጎዳው ሰው ቤት ይሰቀላል፤ ፈረሱም እስኪሞት ሳይጋለብ በሜዳ ይኖራል። ይህ ለመኪናይቱም ይሁን ተባለ። ክርክሩ የመኪና ልጓም የቱ ነው የሚለው ላይ ነበር። አንዱ ቁልፉ ነው አሉ።

«ቁልፍ የበር ነው» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «ልጓም አንገት የሚያዞር ነው።»

ስለዚህ መሪው ሆነ። ከዳንግላ መካኒክ እንጥራ ሲሉ ሾፌሩ ተነሣ። «አባቶቼ፣ እኔ ላውልቀው» አለ። ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመፍቻ ፈታው። ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም። መሪውን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ሄዶ አልጋው አጠገብ አስቀመጠው፤ ጉልበቱንም ሳመው። ታናሹ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ጊዜ በቁጣ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ እንጅባራ በሄድሁ ቁጥር ሾፌሩን እጠይቀዋለሁ። ሁልጊዜ የማገኘው አንድ ቦታ ነው፤ መሪ በሌላት መኪና ውስጥ፣ በፈረሱ ግላስ ላይ ተቀምጦ። ጠዋት ሚስቱ እጁን ይዛ ታደርሰዋለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥታ ታስገባዋለች። አንዳንድ ቀን ሞተሩን ያስነሣና ያዳምጣል። ቤንዚን ያለቀ ጊዜ ያም ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ያወራኝ ነበር። «ያ ኮረብታ ዛሬ ጠፋ» ይለኛል፤ ከደጁ የሚታዩትን ነገሮች አንድ በአንድ ሲያጣ እንደዚህ ይነግረኝ ነበር፤ እንደ ሬዲዮ፣ ስሜት ሳይጨምርበት። ከዚያ የጎረቤት ቤት ጠፋ። ከዚያ ባሕር ዛፉ። በኋላ ወሬው አለቀ። ቀልዱም አለቀ። «አንተ ጋዜጣ» ማለቱንም ተወ፤ ድምጼን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

አንድ ቀን ከእሱ ተነሥቼ ወደ ታናሹ ሄድሁ። ደጁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ጅራፍ ይገምዳል።

«ስለዚያ መሪ ልጠይቅህ» አልሁት። «ፍርዱ ያንተ ነው ይሉኛል። አንተ ከፈቀድህ ሽማግሌዎቹ አይቃወሙም።»

«ፈቅጃለሁ እኮ። ክረምት ሳይገባ ነው የፈቀድሁ። ራሴ ተሸክሜ ወሰድሁለት፤ በዚች እግሬ።»

«ታዲያ?»

«በእጁ አልነካውም። ‹ሽማግሌ የፈረደውን አላፈርስም› አለኝ። ‹አይፈርስም፣ አባቶች ፈቅደዋል› አልሁት። ‹እንግዲያው እኔ አልፈቀድሁም› አለኝ። ደግሜ ወሰድሁ፤ ደግሞ መለሰኝ። እኔ በደሉን ይቅር ማለቴን እንዲያውቅልኝ ነበር፤ አላወቀልኝም።»

ጅራፉን አስቀመጠ። «ዳማውን ያስለመድሁት እኔ ነኝ፣ ጌታው። ቢሸሽ ኖሮ ይድን ነበር። እንዳይሸሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ መሪውን ሳይቀበለኝ ምኑን ብዬ ልጀምርለት?»

ወንድሙ ይህን ያውቅ እንደሆነ ላረጋግጥ አልቻልሁም። ሚስቱን ጠየቅኋት። ከመኪናይቱ ራቅ ብለን ከቤቱ ጀርባ ቆምን፤ ጆሮው እጅግ ስለ ነቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ መሪው ይመለስ አትበሉት» አለችኝ። «አሁን የማይነዳት ስለተፈረደበት ነው። ለጠየቀው ሁሉ ‹ልጓሟን አወለቁብኝ› ይላል። መሪው ተመልሶ እጁ ላይ ቢቀመጥና መሄድ ቢያቅተው ምን ሊል ነው?»

«ዓይኑ መጥፋቱን ያውቃል እኮ።»

«ያውቃል። ግን እስካሁን በአፉ አላለውም።»

ከዚያ ወዲያ እኔም ስለ መሪው አላነሣሁም። ታናሹንም እንዲተው ለመንሁት፤ ተወ። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቅጥር ውስጥ እየኖሩ፣ አንዱ ይቅርታውን መስጠት፣ ሌላው መቀበል አቅቷቸው ቀሩ። ልረዳቸው የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ ደግ ሆኖ ባደረገው ነገር የመጣ ጥፋት ማንንም በመክሰስ አይካስም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ባዶ ነገር አልዘገብሁም።

ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ስሄድ ለመሰናበት እንጅባራ ላይ ከአውቶቡስ ወረድሁ። ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አባርቷል። መኪናይቱ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበረች፤ ጎማዎቿ አፈር ውስጥ ገብተዋል፣ ሣሩ ከበሯ በላይ ሆኗል፤ ሸራው በስብሶ ሚስቱ የከብት ቆዳ አልብሳበታለች። እሱ ውስጧ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ ጨልመዋል። ሁለት እጆቹን ከደረቱ ፊት፣ መሪው በነበረበት ቦታ፣ በአየር ላይ አድርጎ ይዟቸው ነበር። ሰላም አልሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። እንደምሄድ ነገርሁት፤ «መንገዱ ጭቃ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወደ ታናሹ ቤት ገባሁ። አልነበረም፤ እርሻ ወርዷል። መሪው ከዳማው ልጓም ጋር በግድግዳው ላይ በአንድ ኩላብ ተሰቅሎ ነበር።